የቀኛዝማች ወንድይራድ የእንግሊዝ አደን

አንድ ቀን ቀኛዝማች ወንድይራድ ከእንግሊዝ አገር ተመለሱ። የሄዱት ለትምህርት አልነበረም፤ ለሕክምናም አልነበረም። አንድ ትልቅ ሰው መልእክት ይዘው ባሕር ሲሻገሩ አጃቢ ቢጎድላቸው፣ «ይሄ ሰውዬ ቁመናው ያምራል፤ አጠገቤ ይቁምልኝ» ብለው ይዘዋቸው ሄዱ። እሳቸውም ቆመው ከረሙ። መልእክት ያደረሱት ትልቅ ሰው ስለ እንግሊዝ ሲጠየቁ «ብርድ ነው» ብቻ ብለው ዝም አሉ። ቆመው የከረሙት ቀኛዝማች ግን ዝም የሚያሰኛቸው ጠፋ።

ይፋት ውስጥ፣ ወይራ አምባ በምትባለው አገራቸው፣ ከዚያ ወዲያ «በእንግሊዝ አገር» ሳይባል የሚነገር ነገር የለም። ዝናብ ሲዘንብ፣ «ይሄ ምኑ ዝናብ ነው! የእንግሊዝን ባያችሁት» ይላሉ። ውሻ ሲጮህ፣ «በእንግሊዝ አገር ውሻ ያለ ምክንያት አይጮህም» ይላሉ። ባላገሩም፣ «እውነት ነው ቀኛዝማች» እያለ የገዛ ውሻውን ይቆጣል።

ይህን ሁሉ ከማንም በላይ የሚሰማው ጋሻ ጃግሬያቸው አንዳርጌ ነው። አንዳርጌ ጠመንጃ ተሸክሞ ከኋላቸው የሚሄድ፣ ሲቀመጡ የሚቆም፣ ሲያወሩ የሚያዳምጥ ሰው ነው። ለአገልግሎቱ አንዲት የቆላ ማሳ ተሰጥታዋለች። ማሳዋ የእሱ የምትሆነው ቀኛዝማች ደስ እስካላቸው ድረስ ነው፤ ቀኛዝማች ደግሞ ደስ የሚላቸው ቀን ጥቂት ነው። ምላሱ ስለት መሆኑን ሚስቱ የሻረግ ታውቃለች። እሱም ስለሚያውቅ አብዛኛውን ጊዜ አፉን ዘግቶ ነው የሚውለው።

አንድ ማለዳ ቀኛዝማች ጠሩት።

«ስማ አንዳርጌ፤ በእንግሊዝ አገር የወፍ አደን እንዴት መሰለህ? መኳንንቱ መስክ ላይ በረድፍ ይቆማሉ። ባላገሩ ከማዶ ጫካውን በዱላ እየደበደበ ይመጣል። ወፎቹ ብር ብለው ሲነሡ መኳንንቱ ተኩስ ይለቁባቸዋል።»

«ርቧቸው ነው?» አለ አንዳርጌ።

«ምን ይርባቸዋል! ቤታቸው ሥጋ ተርፎ ነው ያለው።»

«እህል አጥፍተውባቸው ነዋ፣ ወፎቹ።»

«ምንም አላጠፉም። እንዲያውም ከጫጩትነታቸው ጀምሮ የሚቀልባቸው ሠራተኛ ተቀጥሮላቸው ነው የሚያድጉት።»

«ቀልበው አሳድገው ይገድሏቸዋል?»

«መዝናኛ ነው አልኩህ!»

«ለወፎቹም?»

ቀኛዝማች ትክ ብለው አዩት። «አንተ ድንጋይ ነህ» አሉ። አንዳርጌ አንገቱን ደፋ። በልቡ ግን፣ ከመሞታቸው በፊት እንኳ የሚቀልብ ጌታ ባገኙት ወፎች ትንሽ ቀንቶ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀኛዝማችን እዚያ አገር አንድ ጌታ ገጠር ቤቱ ወስዶ አስተናግዷቸው ነበር። ያ ጌታ በክረምት ምሽት ፒፓውን እያጨሰ እሳት ዳር ይቀመጥና ቀን የተኮሰበትን ባዶ ቀለህ ሁሉ ይደረድራል። ባሩዱን ይጨምራል፤ ውታፉን ይወትፋል፤ የርሳስ ፍንጣሪውን ይሞላል፤ አፉን ይደፍንና እንደገና ጥይት ያደርገዋል። ይህን ያህል ሀብት እያለው ለምን እንደሚደክም ቢጠይቁት፣ «በገዛ እጄ የሠራሁትን ስተኩስ ደስታው ሌላ ነው» አላቸው። ቀኛዝማች ከዚህ ሁሉ ንግግር የገባቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጥይት ሳይገዙ መተኮስ ይቻላል!

ሲሰናበቱ ጌታው ባለ ሁለት አፈሙዝ የወፍ ጠመንጃ፣ የባዶ ቀለህ ከረጢት፣ አንድ ቆርቆሮ ባሩድና የመሙያውን ዕቃ ሰጣቸው። ባሩዱ የሚለካባት አንዲት የነሐስ መስፈሪያም አብራ ነበረች። ቀኛዝማች አገራቸው ገብተው መስፈሪያዋን ቢያይዋት ሆዷ ሰፋባቸው። አንሥተው ሣጥን ውስጥ ቆለፉባትና በእሷ ፈንታ የባለቤታቸውን፣ የእመቤቲቱን፣ የሽቶ ጠርሙስ ክዳን ለአንዳርጌ ሰጡት።

«በዚህ ስፈር» አሉት። «ስትሰፍርም ከላይ በጣትህ ጠረግ አድርገው።»

አንዳርጌ የመጀመሪያውን ቀለህ ሞላና አየው። ባሩዱ ከታች፣ ከጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ወደቀ ሰው ሽቅብ ያየዋል።

«ቀኛዝማች፣ ቀለሁ እኮ ባዶ ነው የሚመስለው።»

«የቀረውን ውታፍ ሙላዋ! አሮጌ ጨርቅ ሞልቶ የለም እንዴ?»

«ጨርቅ ይገድላል?»

«በእንግሊዝ አገር ሠራተኛ ጌታውን አይጠይቅም» አሉና ወጡ።

አንዳርጌም የቤቱን አሮጌ ነጠላና ቡቱቶ እየቀደደ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቀለህ ሲወትፍ ከረመ። ሥራው ሲያልቅ ቀኛዝማች የአውራጃውን ገዥ ደጃዝማች አምዴን በጅግራ አደን ሊያስተናግዱ ቀን ቆርጠው ነበር። ምክንያት አላቸው፤ የምክትል ገዥነት ወንበር ባዶ ሆኗል፣ ቀኛዝማችም መቆም ሰልችቷቸዋል። በዋዜማው አንዳርጌን ጠርተው እንዲህ አሉት፦

«ጥይቱን የሞላኸው አንተ ነህ። ነገ ደጃዝማች ፊት ብታሳፍረኝ ማሳህን ከነማሽላው ለሌላ ሰው እሰጥልሃለሁ። ሰማህ?»

ማሽላው እሸት ይዞ ነበር። አንዳርጌ ቤቱ ገብቶ ሲነግራት የሻረግ ደረቷን መታች።

«ባሩዱን የሚሰስቱት እሳቸው፣ ከማሳው የምንነቀለው እኛ? ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?»

«ይሄንንም በእንግሊዝ አገር ያዩት ይሆናል» አላት። ቀልዱ ግን እሱንም አላሳቀውም። ውጪ ወጥቶ ማሽላውን ሲያይ ቆየ።

በማግስቱ እንግዶቹ መጡ። ደጃዝማች አምዴ ወፍራም፣ ሳቃቸው ከሩቅ የሚሰማ፣ ሲቆጡ ደግሞ አገር የሚንቀጠቀጥላቸው ሰው ናቸው። ቀኛዝማች በእንግሊዝ የሱፍ ካልሲ እስከ ጉልበታቸው ታስረው በይፋት ቆላ ፀሐይ ላባቸው እየተንቆረቆረ ተቀበሏቸው። መኳንንቱን መስክ ላይ በረድፍ አቆሟቸው። ባላገሩ የሚደበድበውን ቆርቆሮ ይዞ ማዶ ከቁጥቋጦው ኋላ ተሰለፈ። በእንግሊዝ አገር ለእንዲህ ዓይነቱ ባላገር ቢራና የቀን ደመወዝ ይሰጠዋል፤ ቀኛዝማች ይህን ሲያወሩ ተሰምተው አያውቁም፤ መርከብ ላይ ረስተውት ሳይሆን አይቀርም።

ተኩሱ ከመጀመሩ በፊት ምሳ ቀረበ። ደጃዝማች ከሩቅ አገር በባዶ ሆዳቸው በበቅሎ የመጡ ናቸውና ፊታቸው በራ። ሳህኑ ሲገለጥ ግን እንደ ቅጠል የሳሳ ዳቦ ሁለት ሁለት ተደርቦ ተቀምጧል።

«ይሄ ምንድነው?» አሉ።

«ሳንድዊች ነው፣ ደጃዝማች። በእንግሊዝ አገር በአደን መሃል ከባድ ምግብ አይበላም። መሃሉ ሥጋ አለው።»

ደጃዝማች ዳቦውን ወደ ፀሐይ አንሥተው አዩት። «አለው?» አሉ።

«አለው እንጂ!»

«እንግዲህ ቀኛዝማች ካሉ አለ» ብለው ዋጡት። ከኋላ የቆሙት አሽከሮች ምራቃቸውን ዋጡ፤ ለእነሱ ያም አልደረሳቸውም።

ከዚያ አደኑ ተጀመረ። ባላገሩ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እየጮኸ መጣ። አንድ የጅግራ መንጋ ከቁጥቋጦው ቱር ብሎ ተነሥቶ በመኳንንቱ ራስ ላይ አለፈ። ደጃዝማች የቀኛዝማችን የእንግሊዝ ጠመንጃ አነጣጥረው ቃታውን ሳቡ። ጠመንጃው «ጷ!» ማለት ሲገባው «ፉስ» አለ፤ እንደ ጠገበ ሕፃን። ከአፈሙዙ ጢስ ወጣ፤ ከጢሱ ኋላ የአሮጌ ነጠላ ጥለት እየተንሳፈፈ ወጣ፤ ከጥለቱ ኋላ የርሳሱ ፍንጣሪ ጥቂት እርምጃ ሄዶ ሣሩ ላይ ተበተነ። ከጅግራዎቹ አንዷ ዞራ አየቻቸው ይላሉ።

«ሳትሁት መሰለኝ» አሉ ደጃዝማች በትሕትና።

«ነፋስ ነው! በእንግሊዝ አገርም ነፋስ ሲኖር እንዲህ ነው» አሉ ቀኛዝማች።

ሁለተኛው ተኩስ ከመጀመሪያው አነሰ። ከሦስተኛው የእመቤቲቱ የመቀነት ቁራጭ ወጣና በደጃዝማች ጫማ ላይ አረፈ። አንዲት ጅግራ ርሳስ ጀርባዋ ላይ ወድቆባት ላባዋን አራግፋ መንገዷን ቀጠለች። ማዶ ካሉት ባላገሮች አንዱ ሳቀ፤ ሌላው አፉን ያዘው። ከመኳንንቱም አንዱ ጉሮሮውን አጸዳ። ቀኛዝማች ፊታቸው እንደ በርበሬ ቀላ፤ የምክትል ገዥነቱ ወንበር ከጅግራዎቹ ጋር ብር ብሎ ሲሄድ የታያቸው ይመስላል። ዞር ብለው አንዳርጌን አንገቱን አነቁት።

«ይሄ ነው! ይሄ ሌባ ነው! ጥይቱን የሞላው እሱ ነው። ባሩዴን ሰርቆ ሸጦብኝ ጨርቅ ጠቅጥቆልኝ! ደጃዝማች፣ እርስዎ ዳኛ ነዎት፤ እዚሁ ይፍረዱልኝ። ማሳዬን ለቆ ዛሬውኑ ከአገሬ ይውጣ!»

 የሻረግ አደኑን ሊያዩ ከወጡት ሴቶች መሃል ቆማ ነበርና ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከተተች። አንዳርጌ «የሽቶ ክዳን ነው የሰጡኝ» ቢል ማን ያምነዋል? የጌታ ቃልና የአሽከር ቃል ሲጋጩ የትኛው እንደሚሰበር ያውቃል።

ደጃዝማች ጠመንጃውን መሬት ላይ አቆሙና ድምፃቸውን ወፈር አደረጉ።

«ና ወዲህ። ይሄን ጠመንጃ ያጎረስከው አንተ ነህ?»

«አዎ ጌታዬ። እኔ ነኝ።»

«በደንብ ጎርሶ ነበር?»

«በቀኛዝማች ትእዛዝ ጎርሷል፣ ጌታዬ።»

«ከጎረሰ ታዲያ ለምንድነው አቅም አጥቶ የሚተፋው? እውነቱን ተናገር! ከዋሸህ ማሳህ ብቻ አይደለም የሚሄደው።»

አንዳርጌ ቀኛዝማችን አያቸው። ከኋላቸው የቆሙትን አጥንታቸው የወጣ አሽከሮች አያቸው። ያን ሁሉ ዘመን ዘግቶት የኖረው አፉ በራሱ ጊዜ ተከፈተ።

«ጌታዬ፣ በጠመንጃው አይፍረዱበት» አለ እጅ ነሥቶ። «መጉረሱንስ ጎርሷል። ግን በቀኛዝማች ቤት ጎርሶ የጠገበ ማን አለ?»

 መጀመሪያ አሽከሮቹ መሬት መሬት እያዩ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ ደጃዝማች ባዶ ሆዳቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እስኪወርድ ሳቁ። መኳንንቱም ፈቃድ ያገኙ ያህል አብረው ፈነዱ። ቀኛዝማች ብቻ ሊስቁም ሊቆጡም ስላልቻሉ አንዱን የሱፍ ካልሲያቸውን ጎንበስ ብለው ሲያስተካክሉ ቆዩ።

«ይፍረዱልኝ ብለው የለም፣ ቀኛዝማች?» አሉ ደጃዝማች እንባቸውን እየጠረጉ። «ፈርጃለሁ። ይሄ ሰው ከማሳው ንቅንቅ እንዳይል!»

ከዚያ ወደ አሽከራቸው ዞሩና፣ «በቅሎዬን ጫንልኝ» አሉ። «ቶሎ በል፤ እኔም ቤቴ ሄጄ ልጉረስ።»