የሴቶች ሁሉ አባት የት ይገኛል?

አንድ ወጣት ነበር፤ የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ፣ ጨዋ ልጅ። ህሊና የምትባል ልጅ ይወዳል። ሊያገባት ቆርጦ፣ እሑድ ሽማግሌ ሆነው እንዲሄዱለት ጎረቤቱን ጋሽ አሰግድን ለመነ።

ታዲያ ይህ ልጅ ከሥራ ሲወጣ ስልኩ ላይ ይተከላል። እዚያ ደግሞ "እኛ ነን እውነተኛ ወንድ" የሚሉ አሉ። ሴትን ከወደድካት ትንቅሃለች፣ ካልተቆጣጠርካት ትሄዳለች ይሉታል። መጀመሪያ ሳቀባቸው። ቀጥሎ ዝም ብሎ ሰማቸው። ኋላ እንደነሱ ማውራት ጀመረ። እንዲህ አይደል የሚገባብን? በቀልድ ነው የሚገባው።

እናም ጋሽ አሰግድን "አንድ ነገር ይንገሩልኝ" አላቸው። "ሥራዋን ልትተው፣ ስልኳን ልፈትሽ፣ ከቃሌ ላትወጣ አባቷ ቃል ይግቡልኝ።"

ጋሽ አሰግድ ቁጡ ናቸው፤ ያን ቀን ግን አልተቆጡም። "እሺ የኔ ልጅ። ለመሆኑ ልጅቷ ምን ዓይነት ናት?"

"ጋሼ፣ ሴቶች እኮ ዕድል ከሰጧቸው..."

"ስለ ህሊና ነው የጠየቅሁህ።"

"ያው ሴቶች ሁሉ..."

"እንግዲያው አልሄድልህም። እኔ የማውቀው የአንዲት ልጅ አባት ደጅ መቆም ነው። የሴቶችን ሁሉ አባት የት አግኝቼ ልለምንልህ?"

ልጁ ሊስቅ ፈለገ፣ አልሆነለትም። ከዚያ እናቱ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ ህሊና እየመጣች ፀጉሯን ትሠራላት እንደነበር ተናገረ። እሱ ሲዋሽ ቅንድቧን እንደምታነሣ ተናገረ። እንዳያጣት መፍራቱንም ነገራቸው፤ እዚህ ላይ አለቀሰ።

"ይቺንማ እለምንልሃለሁ" አሉት። "ግን ቅድም ያልከኝን ሁሉ መጀመሪያ ለራሷ ንገራት። ከዚያ ወዲያ እሺ ካለች ነው የምሄደው።"

ነገራት። በጣም ተቀየመችው። ያ እሑድ አለፈ፣ የሚቀጥለውም አለፈ። በስንት ጊዜው ደውላ፣ "ጋሽ አሰግድ ይምጡ" አለችው።

ልጆቼ፣ በተለይ እናንተ ወንዶቹ፣ ስለምወዳችሁ አልሸፋፍንላችሁም። ስልካችሁ ውስጥ ስለ ሴቶች የሚያስተምራችሁ ያ ሰውዬ እህታችሁን ያውቃታል? እናታችሁን ያውቃታል? ብቸኝነታችሁን ግን አውቆታል፤ የገባውም በዚያ ነው። ከብቸኝነታችሁ ጋር ወደኛ ኑ፤ አብረን እንቀመጣለን።

እግዚአብሔር ማንንም በጅምላ አልፈጠረም። እስቲ ዛሬ ቤት ስትገቡ ስልኩን አስቀምጡና እህታችሁን "እንዴት ዋልሽ?" በሏት። ነግራችሁ እስክትጨርስም ቁጭ ብላችሁ ስሟት።