ኤሊ፣ ሻላና ትንሹ ቶርኖ

እረፉ! ቁጭ በሉ አልኩ። አንተ እግርህን ሰብስብ፣ አንቺም ጠጠሩን ጣይ። የሚቁነጠነጥ ልጅ ካለ አላወራም። ትርሲት፣ የእህቴ ልጅ፣ አንቺ ደግሞ እኔ እንዳልኩት ጻፊ፤ እንዳታሳምሪብኝ።

ድሮ ነው። ብረት አፍ አውጥቶ ያወራ ነበር፣ ወፍና ኤሊም ጎረቤት ነበሩ። በአንድ ሐይቅ ዳር አንዲት ኤሊ ነበረች። ሥራዋ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ መሥራት ነው። ክንፉ የተሰበረ፣ ዓይኑ የደከመ ወፍ ሁሉ እሷ ጋ ይመጣል። ቀርከሃ ትቆርጣለች፣ ታቃናለች፣ ጫፉ ላይ ክርና መንጠቆ ታስራለች፤ አለቀ።

አንድ ቀን ሻላ መጣች። ሻላን ታውቋታላችሁ አይደል? ያቺ ከአፏ ሥር ከረጢት ያላት ትልቋ ነጭ ወፍ። ከረጢቷን የአጥማጆች መረብ ቀዶታል። ዓሣ ስትዝቅ በቀዳዳው ሹልክ ይላል።

«እትዬ ኤሊ» አለች፣ «ጫጩቴ ራበው። ዘንግ ሥሪልኝ።»

«ዓሣው የት ነው ያለው?»

«ነፋሱ ስለገባ ወደ ጥልቁ ሄዷል። አጭር ዘንግ አይደርስም።»

ረጅም ዘንግ ደግሞ ሁለት ቀርከሃ በብረት ቀለበት ተቀጥሎ ነው የሚሠራው። ኤሊ ቀለበቱን በሞረድ ሠራችው። ሰፋ። ሻላ ስትወረውረው ዘንጉ ለሁለት ተለያየ፣ ግማሹ ሰመጠ። አምባዛ ከውሃው ብቅ አለና ያን ጢሙን እያወዛወዘ፣ «የጥርስ መጎርጎሪያ ስለላካችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ!» ብሎ ተመልሶ ገባ።

«ይሄ በእጅ አይሆንም» አለች ኤሊ። «ቶርኖ ያስፈልገኛል።»

ቶርኖ ማለት ብረት እያሽከረከረ ልክክ አድርጎ የሚቀርጽ መኪና ነው። እሷ ከየት ታመጣለች? የሐይቁ ዳር እድር ተሰብስቦ አዋጣላት። የእድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ጉማሬ፣ «ብቻሽንማ አትሄጂም፣ እናጅብሻለን» አለ። ጦጣም ተከተለች። ብረት ተራ ወረዱ።

መጀመሪያ ትልቁን ቶርኖ አገኙ። ቤት ያክላል። «እኔ የካሚዮን ዘንግ ነው የምቀርጸው!» ብሎ አጓራ። ኤሊ ለሙከራ ቀርከሃዋን አጎረሰችው። ቀርጨጭ! ስብርብሩን አወጣው።

ቀጥሎ አዲስ ቀለም የተቀባውን አገኙ። «እዩኝማ እንዴት እንደማብረቀርቅ!» አለ። ቀርከሃ አጎረሰችው። ሲዞር ወባ እንደያዘው ሰው ተንቀጠቀጠ።

መጨረሻ ላይ፣ ጠረጴዛ ሥር፣ ትንሹን አገኙ። በግ አያክልም። ዘይት ዘይት ይሸታል። «እኔ ትልቅ ነገር አልችልም፣ እናቴ» አለ። «ቀጭን ነገር ስጪኝ፣ ቀስ አድርገሽ አዙሪኝ፣ አላሳፍርሽም። ካልወሰድሽኝ ግን ወደ ማቅለጫ ሊልኩኝ ነው።» ቀርከሃ አጎረሰችው። ሆዱ ክፍት ነው፤ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ፣ ሳይጫር። ዞረ። ድምፁ እንደተኛች ድመት ነው።

ኤሊ አወቀች። ልቧ «ይሄ ነው» አላት።

ጋሽ ጉማሬ ግን ሳቀ። «ይሄን ድንክ ተሸክመን ነው የምንገባው? ከሐይቁ ማዶ ያሉት ምን ይሉናል? እድሩ አዋጥቶ አዋጥቶ አይጥ ገዛ ነው የሚሉት!»

«ትልቁ! ትልቁ!» አለች ጦጣ። «ምንም ባይሆን ሲያጓራ ማዶ ድረስ ይሰማል።»

ኤሊ አንገቷን አወጣች። አፏን ከፈተች። ያዋጡት እነሱ፣ ያጀቧት እነሱ፤ እንዴት አድርጋ እምቢ ትበል? ትንሹን አየችው። እነሱን አየቻቸው።

«እናንተ እንዳላችሁ» አለች። አንገቷንም መለሰች።

ትልቁ ቶርኖ በጉማሬ ጀርባ ተጭኖ በእልልታ ገባ።

ኤሊ አንድ ቀለበት ሰጠችው፤ ጨፈለቀው። ሻላ መጣች። «እትዬ ኤሊ፣ ደረሰ?» «ነገ።» ጫጩቱ ከጎጆው ይጮኻል።

ሌላ ሰጠችው፤ ጠመዘዘው። «እትዬ ኤሊ፣ ደረሰ?» «ነገ።» ጫጩቱ ያቃስታል።

ሦስተኛ ሰጠችው፤ ሰነጠቀው። «እትዬ ኤሊ፣ ደረሰ?» ጫጩቱ ድምፅ የለውም፤ አፉን ብቻ ይከፍታል።

«ጠብቂኝ!» አለች ኤሊ፣ ወደ ብረት ተራ ሮጠች። አትሳቁ! ኤሊም ሲጨንቃት ትሮጣለች። ጠረጴዛው ሥር ስትደርስ የዘይት እድፍ ብቻ ቀርቷል።

«ትንሹስ?» ብላ የብረት ተራውን ሚዛን ጠየቀችው።

«ቀለጠ» አለ ሚዛን። «ምስማር ሆነ። እስኪወስዱት ድረስ በሩን በሩን ሲያይ ነበር፤ ‹ያቺ ኤሊ ትመለሳለች› እያለ።»

ስትመለስ ሻላ ጎጆው ላይ ክንፏን ዘርግታ ተቀምጣለች። ከሥሯ የሚንቀሳቀስ ነገር የለም።

ትርሲት፣ እንዴ፣ ጻፊ እንጂ! እንባሽን ኋላ ትጠርጊያለሽ።

«እትዬ ኤሊ» አለች ሻላ፣ «ጦጣ ነገረችኝ፤ አንድ ትንሽ ቶርኖ ነበረ አሉ። እሱ እንደሚሆን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«አፈርኳቸው።»

ሻላ አልሰደበቻትም። ብትሰድባት ይሻላት ነበር። «የኔን ልጅ ግን አላፈርሽውም» አለች፣ በቃ።

ኤሊ ልትመልስላት አንገቷን አወጣች። መልሳ አስገባችው። እስከ ዛሬም እንደዚያው ናት፤ ብቅ ትላለች፣ የምትናገር ትመስላለች፣ ትመለሳለች። እናንተን ፈርታ ይመስላችኋል? ያቺ የዋጠቻት ቃል ጉሮሮዋ ላይ ቆማባት ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ የምታውቁትን ነገር ሰው ይቀየመኛል ብላችሁ አትዋጡ። እናንተ ስታፍሩ የሚራበው ሌላ ነው። ያን ቀን ኤሊ አንገቷን እንዳወጣች «እኔ የምፈልገው ትንሹን ነው» ብትል ኖሮ፣ ያ ጫጩት ይሄኔ…

«እትዬ ዘርፌ! ጀልባው ገባ! ኧረ ቶሎ ይምጡ፣ ዓሣው እያለቀ ነው!»

መጣሁ፣ መጣሁ! ትርሲት፣ እዚያው ላይ ያዢልኝ፤ ያ ጫጩት ይሄኔ ክንፉን…