ለማየት የተላከው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ» አለ ባሌ፣ ስንዱ ጥያቄዋን በቅጡ ሳትጨርስ።

ባሌ ገሠሠ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ከሞተ ዘንድሮ ሁለተኛ ክረምቱ ነው፤ ድምፁ ከጆሮዬ ሳይጠፋ የነገራትን እጽፈዋለሁ። ስንዱ በጤና ጣቢያው ለአንድ የውጭ አገር ሐኪም ታስተረጉም ነበር፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኛ ቤት እየመጣች ትማራለች። ያን ዕለት ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ሐኪሙ አንዲት የምታስል ሴት መርምሮ፣ «ሳንባዋ ውስጥ ምን እንዳለ ለማየት እፈልጋለሁ» ይላል በእንግሊዝኛ። ስንዱ ወደ ሴትዮዋ ዞራ፣ «ሳንባሽ ውስጥ ምን አለ?» ትላታለች። ሴትዮዋ ነጠላዋን ሰብስባ ወጥታ ሄደች።

«ከራሴ የጨመርኩት የለም፣ መምህር» አለች ስንዱ። «በእንግሊዝኛም እንዲሁ እየጻፍኩ እርስዎ በቀይ ያሰምሩብኛል። ጥያቄው ከ‹ማየት› ወይም ከ‹ማወቅ› በኋላ ሲመጣ ለመጠየቅ የተገለበጡት ቃላት ወደ ተራ ቦታቸው ይመለሳሉ፣ የጥያቄ ምልክቱም ይቀራል ይሉኛል። ለምን? ጥያቄው ያው ጥያቄ አይደለም?»

ገሠሠ መነጽሩን አውልቆ እንዲህ ብሎ ነገራት።

ሰውየው ገበሬ ነው። መንደሩ ከተራራ ሥር፣ ከወንዝ ዳር ነበር። በዚያ ክረምት ከላይ ተራራው ተናደና ወንዙን ዘጋው። ከናዳው በስተጀርባ ውሃው እየተጠራቀመ ሐይቅ ሆነ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የመንደሩ ሰው ጆሮው ወደ ላይ ነው። ሰማዩ ሲያጉረመርም እናቶች ልጆቻቸውን ይስባሉ፤ የእህል ማሰሮ እንኳ ሲንከባለል የሚዘል ሰው ነበር። ናዳው ከተበሳ መንደሩን አንድ ጊዜ ጠርጎ እንደሚወስደው ሁሉም ያውቃል።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው ገበሬውን ጠሩት፤ እግሩ ፈጣን ነበር። ሚስቱ አራስ ናት፣ ከወለደች ስምንት ቀኗ።

«የምንልክህ ናዳው ተሰንጥቆ እንደሆነ ለማየት ነው» አሉት። «አይተህ ትመለሳለህ። መንገድ ላይ ለማንም እንዳትተነፍስ።»

«ተሰንጥቆ ቢሆንስ?»

«እሱን አንተ ስትመለስ እናወራዋለን።»

ሰውየው ዳገቱን ጀመረ። ወንዙ በስተግራው ነው። ከናዳው በታች ያሉት ጅረቶች በዝናብ ሞልተው ስለሚገቡበት ውሃው ደፍርሶ፣ ቅርንጫፍ ተሸክሞ ይወርድ ነበር። ትናንትም እንዲሁ ነበር፤ ሰውየው ግን ትናንት አላየውም። ይህ ጭቃ ከየት መጣ አለ በልቡ። ትንሽ እንደሄደ እግሩ ሥር መሬቱ የተንቀጠቀጠ መሰለው። ቆሞ አዳመጠ። ያጉረመረመው ሩቅ ሰማይ ነበር። እሱ ሳይደርስ ውሃው ቢመጣስ? ሚስቱ ገና ከአልጋ አልወረደችም። መራመዱን ትቶ መሮጥ ጀመረ።

ከዳገቱ መሐል ሁለት ሰዎች እንጨት ይፈልጣሉ። አንደኛው አየውና ሳቀ።

«አንተ! ከአራስ ቤት ሸሽተህ ነው? ገንፎውን ጠያቂ ጨረሰብህ እንዴ?»

ስቆ ማለፍ ይችል ነበር። ፍርሃቱን ግን ብቻውን መሸከም አቃተው።

«ናዳው ተሰንጥቋል እንዴ?» አላቸው።

መጥረቢያዎቹ ቆሙ።

«ማነው ያለው?»

«ማንም አላለም። እኔ ነኝ የጠየቅሁት።»

«ማንም ሳይል ይህን ሁሉ ላብ ከየት አመጣኸው?»

ሰዎቹ ተያዩ። የፈለጡትን እንጨት እዚያው ጥለው ቁልቁል መንገድ ጀመሩ።

«ኧረ ጥያቄ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸ ገበሬው።

«ሰምተናል፣ ጥያቄ ነው» አለ ሁለተኛው ሳይዞር። «ከታች መንደር እየሮጠ የወጣ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ።»

ገበሬው መንገዱ መሐል ቆመ። ተከትሎ እንዳይመልሳቸው የተላከው ወደ ላይ ነው። ይሁን ብሎ እንዳይሄድ የሰዎቹ እርምጃ እየፈጠነ ነው። አይቼ ብመለስ ይሻላል አለና ወጣ።

ናዳው ደህና ነበር። ቋጥኞቹ ተነካክሰው እንደ ግንብ ቆመዋል። ውሃው በአንድ ጎን ቀጭን መውጫ አግኝቶ በእርጋታ ይወርዳል። ገበሬው ላዩ ላይ ወጥቶ በእግሩ ደበደበው፤ ጠጠር እንኳ አልተንሸራተተም። ተቀመጠና ብቻውን ሳቀ።

ከዚያ ወደ ታች አየ። የመንደሩ ሰው ሁሉ ከቤቱ ወጥቷል። ሕዝቡ ጓዝ ተሸክሞ፣ ከብት እየነዳ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ይወርዳል። በወዲህ ያለው ዳገት የሚወስደው ወደ ናዳው ስለሆነ መሸሻው ከፍታ ከወንዙ ማዶ ነበር፤ ከሐይቁ ለማምለጥ የሞላ ወንዝ ሊሻገሩ ነው። ገበሬው ድምፁ እስኪዘጋ ጮኸ። በመካከላቸው ያለው የውሃ ድምፅ ጩኸቱን በላው። እየወደቀ እየተነሳ ሮጠ።

መሻገሪያው ላይ ሲደርስ ሰው ሁሉ ጓዙን አውርዶ ቆሟል። ሚስቱ ጭቃው ላይ ተቀምጣለች፤ ልብሷ እስከ ደረቷ ርሷል፤ እጆቿ ጭኗ ላይ ተዘርግተዋል። አራስ ጉልበት የላትም። መሐል ወንዝ ላይ ውሃው ሲገፋት ወንድሟ እሷን ያዘ። ሕፃኑን የያዘ አልነበረም።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ መጣ።

«ምን አየህ?» አለው ቀስ ብሎ።

«ናዳው ደህና ነው» አለ ገበሬው።

ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ማንም «ተመስገን» አላለም።

ገሠሠ እዚህ ላይ ሲደርስ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ከዚያ ወደ ስንዱ ዞረ።

«ሽማግሌዎቹና ገበሬው የጠየቁት አንድ ነገር ነው» አላት። «ግን ሽማግሌዎቹ ጥያቄውን ‹ለማየት› በሚለው ቃል ላይ ጭነው ነው የላኩት። የተጫነ ጥያቄ በራሱ እግር አይሄድም፤ ማንንም መንገድ ላይ አስቁሞ ‹መልስልኝ› አይልም። ነገሩ ገና እንዳልታየ፣ ሄዶ የሚያየው ሰው እንዳለ ተሸካሚው ቃል ይናገርለታል። እንግሊዝኛ ቃላቱን ወደ ተራ ቦታቸው የሚመልሰው ለዚህ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ እኔ ግን የማስታውሰው እንዲህ ብዬ ነው። ገበሬው ጥያቄውን ከጭነቱ አውርዶ ራቁቱን መንገደኛ ፊት አቆመው። አንቺም የሐኪሙን ‹ለማየት› ጣልሽና ጥያቄውን ብቻውን በሴትዮዋ ፊት አቆምሽው። እሱ ራጅ አንስቶ ሊያይ ነበር። እሷ የሰማችው ሐኪሙን ያስፈራ በሽታ እንዳለባት ነው።»

ስንዱ ደብተሯን ዘጋች።

«ተመልሳ ባትመጣስ፣ መምህር?»

«ቤቷን ታውቂዋለሽ?»

«ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው ብለውኛል።»

«ገበሬው ሰዎቹን ሮጦ ሊደርስባቸው ይችል ነበር፣ ስንዱ። ቁልቁል መንገዱን ገና መጀመራቸው ነበር። እሱ ግን መጀመሪያ ልመልከት አለ። አንቺ ተነሺና አሁኑኑ ሂጂ። ገና ምንም እንዳልታየ፣ ሊያዩላት እንደፈለጉ ንገሪያት።»