ሽኮኮና ሦስቱ ሼሎች

ኑ እስቲ ጠጋ በሉ፣ ተረት ላወራችሁ ነው። «እንስማ!» በሉኝ እንጂ! እሰይ። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፣ ይቺ ተረት ግራ ታጋባለች። እኔም የነገሩኝ ዕለት ግራ ገብቶኝ ደጋግሜ አስተርቻቸዋለሁ። ስለዚህ መሀል ላይ «ምን አልሽ? ምን አልሽ?» እያላችሁ አታድርቁኝ።

በድሮ ጊዜ፣ እንስሳት ሲነጋገሩ፣ ዕቃም አፍ አውጥቶ ሲከራከር፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ አንዲት ሽኮኮ ነበረች። ይቺ ሽኮኮ አንዲት የሽንኩርት መደብ ነበረቻት። እሷም ልጆቿም ዓመቱን ሙሉ የሚኖሩት በዚያች መደብ ነው፣ ሌላ ምንም የላቸውም።

ምንጩ ከላይ ነው። ከምንጩ የሚወርደው ውሃ ሦስት በር አለው። የመጀመሪያው በር ወደ አንድ አሮጌ ቦይ ይወስዳል። ቦዩ ውሃ ካየ ብዙ ዘመኑ ስለሆነ፣ እትዬ ጃርት ደረቅ ነው ብላ ከነልጆቿ ቤቷን የሠራችው እዚያ ውስጥ ነው። ሁለተኛው በር ወደ ሽኮኮ ሽንኩርት ነው። ሦስተኛው ወደ ገደል። እነዚህን በሮች የሚከፍትና የሚዘጋው ደግሞ ኮምፒውተር ነው። አዎ፣ ኮምፒውተር! ምን ያስቃችኋል? ተረት ነው አልኩ እኮ።

በኮምፒውተሩ ሆድ ውስጥ አባ ከርነል የሚባሉ ሽማግሌ አሉ። ሥራውን ሁሉ የሚሠሩት እሳቸው ናቸው፣ ግን የሰውም የእንስሳም ቋንቋ አይሰሙም። ስለዚህ ደጃቸው ላይ ሼል የሚባሉ መልእክተኞች ይቆማሉ። እናንተ ጥቁሩ ስክሪን ላይ ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ ሼሉ ተቀብሎ አባ ከርነል በሚገባቸው ቋንቋ ይነግራቸዋል። በዚያ ደጅ የቆሙት ሦስት ናቸው፦ ባሽ፣ ፊሽ እና ዚሽ። ደስ ያላችሁን መጥራት ነው።

ውሃውን ድሮ ይጠብቅ የነበረው አያ ኤሊ ነው። አርጅቶ ወደ ሐይቁ ሲሄድ ሽኮኮን ጠራና፣

«ልጄ፣ ጋሽ ባሽን ጥሪና ‹በር አንድን ክፈት› ብለሽ ጻፊለት። ሌላ ነገር አታብዢ» አላት።

ሽኮኮም ጻፈች። ውሃው መጥቶ ሽንኩርቷ ላይ ተንፎለፎለ። «አሃ፣ የኔ በር ስሙ አንድ ነው ማለት ነው!» አለችና በልቧ ያዘች። ጣጣው የጀመረው እዚህ ጋ ነው።

ጋሽ ባሽ ሥራውን ያውቃል፣ ጸባዩ ግን ደረቅ ነው። አንዲት ፊደል ከተሳሳተች በቃ።

«እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም።»

«ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት፣ ጋሼ?»

«እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም።»

«እባክህ፣ እንዳው ትንሽ ጠቆም አድርገኝ!»

«እንዲህ የሚባል ትእዛዝ የለም።»

እመት ጦጣ ዛፍ ላይ ሆና ይህን ሁሉ ትሰማለች። የጦጣን ነገር መቼም ታውቃላችሁ፣ የራሷ ማሳ የላትም፣ ስለ ሌላው ማሳ ግን ምክር አያልቅባትም።

«አንቺ ሽኮኮ፣ ምን ነካሽ? በዚህ ዘመን ባሽን ሙጭጭ ብሎ የሚኖር አለ እንዴ? ፊሽን ጥሪ! አፍሽን ሳትከፍቺ የምትፈልጊውን ያውቅልሻል።»

ሽኮኮ ፊሽን ጠራች። ፊሽ ፈጣን ነው፣ ደግሞም ቅልብልብ ያለ ነው። «በር» ብላ ገና መጻፍ ስትጀምር፣

«በር ሦስትን ክፈት ልትዪ ነው?» አላት።

«አይ፣ በር...»

«በሮቹን ሁሉ ዝጋ?»

«ኧረ አስጨርሰኝ!»

እንደምንም ታግላ ጻፈችለት። ፊሽም አየት አደረገውና «ይሄማ የባሽ አነጋገር ነው። እኔ ጋ ትእዛዝ የሚጻፈው በሌላ መልክ ነው። እሱን ተማሪና ተመለሺ» አላት። ሽኮኮ ስትማር፣ ስትሳሳት፣ ስትማር፣ ስትሳሳት ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ሽንኩርቱም ጠወለገ።

«እመት ጦጣ፣ ጉድ አደረግሽኝ!»

«ፊሽን ማን ጥሪ አለሽ?»

«አንቺ ነሽ እንጂ!»

«እኔ? እንጃ! በይ አሁን ዚሽን ጥሪ። የባሽን አነጋገር ይሰማል፣ ጨዋ ነው፣ በቀለም አሳምሮ ነው የሚጽፍልሽ።»

ሽኮኮ ራሷ ዞሯል። የቱ ደግ፣ የቱ ክፉ እንደሆነ መለየት አቅቷታል። ልጆቿ ጠውልጎ የተኛውን ሽንኩርት እያዩ ያለቅሳሉ። ምን ታድርግ? ዚሽን ጠራች። በችኮላ ስትጽፍ ፊደል ሳተች።

«‹ክፈት› ማለትዎ ነው፣ እመቤቴ? ላርምልዎት?» አላት ዚሽ።

እመቤቴ! ሽኮኮ እመቤቴ ተብላ ታውቅ መሰላችሁ? ልቧ ቅልጥ አለ። «አዎ፣ በር አንድን ክፈት» አለች።

«በደስታ» አለ ዚሽ፣ ለአባ ከርነልም ነገረ። ወዲያው ውሃው ሲወርድ ተሰማ። ሽኮኮ እየዘለለች ወደ መደቧ ሮጠች። መደቡ ጋ ስትደርስ ግን ጠብታ የለም! ውሃው ይሰማል፣ ውሃው የለም። ቆማ ግራ ቀኝ ስትል፣ ከአሮጌው ቦይ የእትዬ ጃርት ጩኸት መጣ።

«ኡ ኡ! ኧረ የጎረቤት ያለህ! ቤቴ ውሃ ገባ! ልጆቼ!»

ሽኮኮ ክው አለች። ወደ ኮምፒውተሩ ተመልሳ ሮጠች። ዚሽን አላመነችውም፣ ከሁሉም የሚሻለው የማውቀው ነው ብላ ጋሽ ባሽን ጠራች።

«በር አንድን ዝጋ!»

«ተዘግቷል።»

ውሃው ግን ይወርዳል። እትዬ ጃርት አንዱን ልጇን ይዛ ወጣች።

«ጋሼ፣ በር አንድን ዝጋ አልኩህ እኮ!»

«ተዘግቷል።»

ውሃው አሁንም ይወርዳል። እትዬ ጃርት ሁለተኛውን ይዛ ወጣች። ትንሿ ግን ውስጥ ቀረች።

«ኧረ በስመ አብ! የትኛውን ነው የዘጋኸው?»

«ሁለተኛውን ነዋ።»

«አንድ አላልኩህም?»

«አንድ ማለት ሁለተኛው ነው።»

ሽኮኮ አፏን ከፍታ ቀረች። እኔም ስሰማ እንደሷ አፌን ከፍቼ ነበር፣ አትሳቁ። ግን ልጅቷ ውሃ ውስጥ ነች፣ መከራከሪያ ጊዜ የለም።

«እሺ፣ የመጀመሪያውን ምን ብለህ ነው የምትጠራው?»

«ዜሮ።»

«ዜሮ?»

«ስቆጥር የምጀምረው ከዜሮ ነው።»

«በር ዜሮን ዝጋ!» ብላ ጻፈች። ውሃው ቀጥ አለ። እትዬ ጃርት ጭቃው ውስጥ ዘልቃ ትንሿን ልጇን በጆሮዋ ጎትታ አወጣቻት። ልጅቷ ሳለች፣ አነጠሰች፣ ከዚያ አለቀሰች። አልቅሺ የኔ እናት፣ አልቅሺ። ያለቀሰ ልጅ በሕይወት አለ።

ሽኮኮ ግን ተናደደች፣ እንዴት አትናደድ! ሼሎቹን ፊቷ ደረደረቻቸው።

«አንተ ዚሽ፣ ለምን ጎረቤቴን አሰጠምክ?»

«እኔ የምቆጥረው ከአንድ ነው፣ እመቤቴ። በር አንድ አሉኝ፣ የመጀመሪያውን አስከፈትኩ።»

«እኔም እንደሱ ከአንድ ነው የምጀምረው» አለ ፊሽ፣ ማንም ሳይጠይቀው።

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

«መች ጠየቅሽን?» አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።

በቃ፣ ለአባ ከርነል እከሳለሁ ብላ ተነሣች። ግን ክሱን ማን ያድርስላት? ሼል! የትኛው ሼል? እሷም እዚያው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለች። ከዜሮ ነው ከአንድ፣ ትክክለኛው የቱ ነው ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። እኔንጃ! ሦስቱም ትክክል ነን ይላሉ፣ የፈረሰው ግን የእትዬ ጃርት ቤት ነው።

ቤት ሲፈርስ የት ይኬዳል? ጎረቤት ይኬዳል። እትዬ ጃርት ከነልጆቿ ሽኮኮ ጉድጓድ ገባች። ጉድጓዷ ጠባብ፣ ጃርቶቹ እሾሃም። ሽኮኮ በዚህ ስትገላበጥ እትዬ ትወጋታለች፣ በዚያ ስትገላበጥ ልጆቹ ይወጓታል። ውጡልኝ እንዳትል ቤታቸውን ያፈረሰችው ራሷ ናት። የሽንኩርቱም ግማሹ ደርቋል፣ የቀረውን ሁሉም ባንድ ላይ ይበሉታል።

አንድ ቀን እመት ጦጣ እየዘለለች መጣች። «ሽኮኮ፣ ሽኮኮ! አዲስ ሼል መጥቷል! ምን የመሰለ መሰለሽ! እነዚህን ሁሉ ተያቸው!»

ሽኮኮ ከጎኗ እሾህ እየነቀለች ቀና አለች።

«ከስንት ነው መቁጠር የሚጀምረው?»

«እኔ ምን አውቄ!»

«እንግዲያው ሂጂና ጠይቂው። መጀመሪያ ግን ነይ፣ እዚህ እትዬ ጃርት አጠገብ አንድ ሌሊት እደሪ።»

ጦጣ እግሬ አውጪኝ አለች።

ልጆች፣ ቃላችሁን የሚያደርስላችሁን ስትመርጡ ማማሩንና ፍጥነቱን ብቻ አትዩ። «እኔ አንድ ስል አንተ የቱን ትሰማለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ሳትጠይቁ የላካችሁት ቃል የጎረቤት ቤት ያፈርሳል፣ ጎረቤቱም ከነእሾሁ እናንተ ጋ ያድራል። እኔ ተርቼ ጨረስኩ፣ የገባው ላልገባው ያስረዳ።