አንበሲት የተወነጀለችበት አውጫጭኝ

አንድ ጊዜ፣ ዝናብ በቀረበት ቆላ፣ ከኩሬዎች ሁሉ አንዱ ብቻ ውሃ ይዞ ቀረ። የአገሩ ንጉሥ አንበሳ አራዊቱን ሰበሰበና «ዝናብ እስኪመጣ ከዚህ ኩሬ ሊጠጣ የመጣ ሁሉ እንግዳዬ ነው፤ ማንም አይነካውም» ብሎ ማለ። ሚስቱ አንበሲት አጠገቡ ቆማ መሐላውን ሰማች። በዚያ ቤት የምታድነው እሷ ናት፤ ቀድሞ የሚበላው እሱ ነው። ከመሐላው ወዲህ ለአደን ሩቅ ሜዳ ትሄድ ነበር፤ ሜዳውም እየተራቆተ መጣ።

አንድ ረፋድ ባዶዋን ተመለሰች። ንጉሡ ውሃ የሚጠጣውን ሽማግሌ ድኩላ እያየ ምራቁን ይውጣል።

«እሱን አምጪልኝ» አላት።

«የማሉለት እንግዳዎ ነው፣ ጌታዬ።»

«ርቦኛል እኮ።»

«እኔም ልጆቼም ርቦናል። ነገ ማልጄ እወጣለሁ፤ ዛሬን ይቻሉት።»

ይህን ብላ ደቦሎቿን ልታጠባ ወደ ዋሻው ገባች። ንጉሡ ዘሎ የድኩላውን አንገት ሰበረ። በልቶ ሲጠግብ የተረፈውን እግር በዚያ ለሚያልፈው ጅብ ወረወረለት።

«ምንም አላየህም» አለው።

«ምኑን ጌታዬ?» አለ ጅብ፣ አጥንቱን እየቆረጠመ።

የድኩላው ዘመዶች ጮኹ፤ እንደ አገሩ ወግም አውጫጭኝ ተጠራ። በዚያ አገር አውጫጭኝ የተቀመጠ ሁሉ የወንጀለኛው ስም እስኪወጣ ቤቱ አይገባም፤ ውሃም አይቀምስም። አራዊቱ ፀሐይ ላይ ተቀመጡ። የንጉሡ ሰፊ ዳና ጭቃው ላይ ታትሟል፤ እያንዳንዱ ዳናውን ዞሮ አልፎ ነበር የተቀመጠው።

የንጉሡ መካሪ ቀበሮ ሸንጎውን መራ። «ማን ገደለ?» ሲል ሁሉም ዓይኑን ከዳናው ወደ ውሃው አዞረ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲያው ቀላሉን ልጠይቅ። በአንበሳ ቤት የሚያድነው ማን ነው?»

«እመት አንበሲት ናት» አለች አህያ።

«ንጉሡ ሲያድኑ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አይቼ አላውቅም።»

ጅብ ሳይጠየቅ ተነሣ። «እኔም ምንም አላየሁም። ንጉሡ ራሳቸው ‹ምንም አላየህም› ብለውኛል።»

ሸንጎው አጉረመረመ። ቀበሮ ግን አልደነገጠም። «ይመዝገብልኝ፤ አያ ጅቦ ንጉሡ ሲገድሉ አላየም።»

«የቤቴን ጉድ የማውቀው እኔ ነኝ» አለ ንጉሡ፣ አንገቱን ደፍቶ። «ክፉ ስትመክረኝ ስንቱን ችዬ ኖርኩ።»

አንበሲት ተነሣች። «ጎሽ ስጥል ‹ንጉሡ ጣሉ› ብላችሁ ዘፈናችሁ። ዛሬ ንጉሡ እንግዳቸውን ሲገድሉ ‹ሚስቲቱ ገደለች› ልትሉ ነው።» ወደ ጭቃው ሄዳ መዳፏን ዳናው ውስጥ አኖረች። ዳናው ሰፍቷት ዙሪያውን ተረፈ። «አህያ፣ አየሽ?»

አህያ ዳናውን አየች፤ አጠገቧ የተዘረጋችውን ውርንጭላዋን አየች፤ ውሃውን አየች።

«እመቤቴ፣ ልጄ ጠምቷታል» አለች ቀስ ብላ።

«አንበሲት ናት» አለ አንዱ። «አንበሲት ናት» አሉ ሌሎቹም፤ እየተጋፉ ኩሬው ውስጥ ገቡ። አንበሲት ተፈርዶባት ደቦሎቿን አስከትላ ውሃ ወደሌለው ሜዳ ተሰደደች። ትንሹ ደቦል መንገድ ላይ በውሃ ጥም ሞተ።

ንጉሡ አዳኝ አጣ፤ ረሃቡ ግን አልተሰደደም። መጀመሪያ ጅብን በላ፤ ለጅብ የጮኸ አልነበረም። ቀጥሎ የአህያዋን ውርንጭላ ኩሬው ዳር በላት።

አህያዋ ጮኸች፤ አውጫጭኝ እንደገና ተጠራ። ቀበሮ ሸንጎውን ሊከፍት አፉን ሲያላቅቅ ንጉሡ ቀደመው።

«የሚመክረኝ ማን ነበር?»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ...»

«ይኸው፣ አመነ» አለ ንጉሡ።

«ቀበሮ ነው» ብሎ ሸንጎው ጮኸ፤ ቀበሮ ሲጎተት ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም፤ ሁሉም ወደ ውሃው ሮጧል። አህያዋ ብቻ ከተቀመጠችበት አልተነሣችም።

ከዚህ የምንማረው የገዢውን ደም በሚስቱ ላይ አላክኮ ጥሙን የቆረጠ ሸንጎ፣ ገዢው በዚያው ሸንጎ ልጆች ላይ በተነሣ ቀን እውነቱን የሚናገርለት ምስክር እንደማያገኝ ነው።