ማቆም የማያውቀው ሸማኔ

አንድ ሸማኔ ነበረ፤ ማቆም የማያውቅ። ስንዱ ልጄ፣ ጥያቄሽን ረስቼ ወደ ሌላ ወሬ የገባሁ እንዳይመስልሽ። «አባዬ፣ መድኃኒት ከሆነ ጸጉሬ ምን በደለው? ማክሰኞ ሕክምና አልሄድም» ብለሽኛል። ዶክተሯ ሦስት ጊዜ አስረዳችኝ፣ ሦስቱንም ጊዜ አልገባኝም። ኋላ በሙያዬ ሳስበው ገባኝ። ሽመና እንጂ ሌላ ምን አውቃለሁ?

ይህ ሸማኔ ከሌላ አገር የመጣ አልነበረም። የዚያው የሸማኔዎች መንደር ልጅ ነው፤ መልኩም አነጋገሩም የእነሱው። ሌሎቹ ነጠላው ልኩ ሲደርስ ቆርጠው ያወርዳሉ፣ ያርፋሉ። እሱ አንድ ቀን መቁረጥ ተወ። ሸማው ከደጁ አልፎ መንገዱን ሞላ፣ የጎረቤቱን በር ዘጋ። የመንደሩን ፈትል ብቻውን ፈጀው። ከዚያ ደግሞ እንደሱ ያሉ ልጆች ወልዶ በየሰፈሩ በተናቸው።

መንደሩን የምታስተዳድር አንዲት ባልቴት ነበረች። ላባርረው እንዳትል በመልክ አይለይም። የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ መወርወሪያው አያርፍም። ስለዚህ «እጁ ሲፈጥን ያገኘሁትን ሁሉ እመታለሁ» አለች።

አመታቷ ብዙ ዓይነት ነበር። ፈትሉ ከሚቀመጥበት ቤት ገብታ ፈትል የሚመስል፣ ነገር ግን የማይረባ ክር ቀላቀለችበት፤ ያንን ያነሳ ሥራው መሀል ላይ ይቆምበታል። የአንዳንዱን ድር እንዳይላቀቅ እርስ በርሱ ቋጠረችው። የተጠማዘዘ ክር ሲያስቸግር ቆረጥ አድርገው፣ አፍታተው፣ መልሰው የሚቀጥሉ ሠራተኞች ነበሩ፤ እነሱን ከቆረጡ በኋላ ሳይቀጥሉ እጃቸውን ያዘቻቸው። ያለቀውን ሥራ ለሁለት ጎትተው የሚያካፍሉትንም ገመዶች አደረቀቻቸው።

ታዲያ እጁ የሚፈጥን እሱ ብቻ ነው? በየቀኑ አዲስ ጥለት የሚያወጣ ጎበዝ ነበረ። የጎተራውን ገበር በየጥቂት ቀኑ የሚያድሱ ነበሩ። ለመንደሩ ዘበኞች ጋቢ የሚያደርሱም ነበሩ። ሁሉም ተመቱ። ጥለቱ ረገፈ፣ ገበሩ ቆሰለ፣ ዘበኞቹም ራቁታቸውን ቀርተው ተራ ሌባ የሚደፍራቸው ሆኑ። እነዚያ ገመዶች እስከ መንደሩ ዳር መልእክት ያደርሱ ስለነበር ዳር ዳሩ ደነዘዘ።

ጥለት ሠሪው እያለቀሰ ባልቴቷ ዘንድ ሄደ። «እማማ፣ እኔ ምን አጠፋሁ?» አላት።

«ምንም አላጠፋህም ልጄ። እጄ ፊት አያይም፤ ፍጥነት ብቻ ነው የሚያይ። ቤትህ ግባና ቁጭ በል» አለችው። ይህን ብላ በትሯን አስቀመጠች። ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ማንንም አልነካችም።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ደህናዎቹ ሸማኔዎች የተበጠሰውን ሲያዩ እጃቸውን ሰበሰቡ። ቋጠሮውን ፈቱ፣ የተቆረጠውን ቀጠሉ፣ ከዚያ በኋላ ነው መወርወሪያ ያነሱት። ያኛው ማቆም መች ያውቃል? በተበጠሰው ድር ላይ ሸመነ፣ በቋጠሮው ላይ ሸመነ፣ ሸማው በገዛ እጁ ላይ ተበጣጠሰ። ከልጆቹ የተረፉት ግን እሷ ባረፈችበት ጊዜ ማንሰራራት ጀምረው ነበር። ስለዚህ ባልቴቷ ቀኗን ጠብቃ ተመለሰች፤ ደግማም ተመለሰች። ጥለት ሠሪውም በተመለሰች ቁጥር አለቀሰ።

ስንዱ፣ መንደሩ አንቺ ነሽ፤ ማቆም የማያውቀው ሸማኔ ካንሰሩ ነው። ባልቴቷ በክንድሽ የሚገባው መድኃኒት ናት። ጥለት ሠሪው ጸጉርሽ ነው፤ ታታሪ ስለሆነ ተመታ እንጂ ማንንም አልበደለም፣ ቆይቶ ያቆጠቁጣል። አፍሽ የቆሰለው፣ ሆድሽ የታወከው የጎተራው ገበር ስለተመታ ነው። ትኩሳት ሲሰማሽ አንድ ሰዓት እንኳ ሳትቆዪ ነይ ያሉሽ በሽታ የሚከላከሉልሽ ዘበኞች ራቁታቸውን ስለሆኑ ነው። ከመድኃኒቶችሽ ቀዩን ከመስጠታቸው በፊት ልብሽን በማሽን የሚያዩትም የባልቴቷ እጅ በልብ ላይ ስለሚከብድ ነው። የጣትሽ መደንዘዝ ቀስ ብሎ ይለቅሻል፣ ምናልባትም ጥቂት ይቀርብሽ ይሆናል፤ አልዋሽሽም። ትድኛለሽ ብዬም አልምልልሽም፣ እሱ በእኔ እጅ አይደለም።

አንድ የደበቅሁሽ ነገር አለ። እናትሽ በዚሁ በሽታ ታማ መድኃኒቱን ሦስተኛው ዙር ላይ ስታቆም፣ እምቢ ያለችው እሷ ይመስልሻል። «በቃት፣ ተዉአት» ያልኩት እኔ ነኝ። ጸጉሯን በየጠዋቱ ከትራሷ ላይ ስለቅም አንጀቴ አልቻለም። እሷም ቃሌን አክብራ ቀረች። ሁለት ወር ሳይሞላ ያ ሸማኔ ተመልሶ መንደሯን ሞላው፤ እሷንም ወሰዳት። የራራሁት ለእሷ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የራራሁት ለእሱ ኖሯል።

ለአንቺም አንጀቴ አልቻለም፣ ልጄ። መወሰኑ ግን የአንቺ ነው፤ በእናትሽ እንዳደረግሁት እኔ አልወስንልሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው፤ ሁለተኛ ለዚያ ሸማኔ እንድራራ አታድርጊኝ።