ቅንቅን ያስቸገራት ዶሮ

ተረት ተረት፤ የሰማ ለጎረቤቱ ያውራ።

ሥጋት የማያጣት አንዲት ዶሮ ሰባት እንቁላል ታቅፋ ሳለ ቅንቅን ወረራት። ገላዋን እያሳከካት መቀመጫ አጣች፤ እንዳትነሣ ደግሞ እንቁላሎቹ ይቀዘቅዙብኛል ብላ ፈራች።

ምክር የማያልቅበት አህያ በዚያ ሲያልፍ አያትና፣ «ምን አስጨነቀሽ እህቴ? አመድ ላይ ተንከባለይ! እኔን ዝንብ ሲያስቸግረኝ የማደርገው ይኸንኑ ነው» አላት።

«እንቁላሎቼንስ ለማን ልተው?» አለችው። አህያው ቆም ብሎ እንቁላሎቹን አየ።

ደግ ጎረቤቷ እርግብ ግን ጠጋ ብላ፣ «እስክትመለሺ እኔ ልታቀፍልሽ» አለቻት።

ዶሮዋ እየሮጠች ሄደች። አመዱ ላይ ስትንከባለል ማሳከኩ ቢቀልላትም ልቧ አላረፈም። «ያቺ ትንሽ ክንፍ ስንቱን ትሸፍናለች?» እያለች ላባዋን እንኳ ሳታራግፍ ተመለሰች።

እውነትም የእርግቧ ክንፍ ከአራት እንቁላል አላለፈም። ዶሮዋ ክው አለች። በቀሩት በሦስቱ ላይ ግን አህያው አንገቱን ደፍቶ፣ አንድም ቃል ሳይናገር፣ ትንፋሹን እያወረደ ያሞቃቸው ነበር። በምንቃሯ ነካ ብታደርጋቸው ሞቀዋል።

የእኔ ተረት እዚህ አበቃች፤ የእናንተን ደግሞ አምጡ።